ጤፍ በመስመር ወይስ በብተና? ሙከራንና የምልከታ ጥናትን ለይቶ ማቀድ

በአንድ ቀበሌ ጤፍ በመስመር የዘሩ 100 ገበሬዎች በአማካይ በሄክታር 16.8 ኩንታል፣ በብተና የዘሩ 100 ገበሬዎች ደግሞ 12.8 ኩንታል አገኙ እንበል። የ4 ኩንታሉ ልዩነት መስመሩ ያመጣው ነው? ከሁለቱ ቁጥሮች ብቻ መልስ መስጠት አይቻልም። ቀድሞ መጠየቅ ያለበት ሌላ ነው፦ የትኛው ማሳ በመስመር፣ የትኛው በብተና እንዲዘራ የወሰነው ማን ነው?

ገበሬው ራሱ ወስኖ አጥኚው የሆነውን ብቻ ከመዘገበ የምልከታ ጥናት ነው። አጥኚው መሬቱን ይዞ በዕጣ ከደለደለ ሙከራ ነው። የመረጃው ብዛትም ሆነ የሚዛኑ ትክክለኛነት ይህን ልዩነት አይሽረውም። ለም መሬትና በቂ ጉልበት ያለው፣ ከልማት ሠራተኛው ጋር ቶሎ ቶሎ የሚገናኝ ገበሬ በመስመር የመዝራት ዕድሉ ሰፊ ነው። ይኸው ገበሬ በብተና ቢዘራም ከጎረቤቱ የተሻለ ማግኘቱ አይቀርም። ከዘዴውም ከምርቱም ጋር እንዲህ የተሳሰረ ነገር አደናጋሪ ተለዋዋጭ ይባላል። ዕጣ ይህን ትስስር ይበጥሰዋል፤ ዕጣ መሬቱ ለም ይሁን ጭንጫ አያውቅም።

ከዚህ በታች መጀመሪያ 300 ካሬ ሜትር በማይሞላ መሬት ላይ የሚሠራ ሙከራ ከእቅድ እስከ ስሌት ቀርቧል። ቀጥሎ ሙከራ በማይቻልበት ጊዜ የምልከታ ጥናት እንዴት እንደሚታቀድ ይታያል።

ጥያቄውን ማጥራት

ብዙ ሙከራ ገና ሳይዘራ የሚበላሸው እዚህ ላይ ነው። ተለምዷዊው ብተና በሄክታር 25 ኪሎ ወይም ከዚያ በላይ ዘር ይፈጃል፤ በመስመር ሲዘራ ግን ዘሩ በጣም ይቀንሳል። አንዱን መደብ (ለሙከራ የተለየ ትንሽ ቁራሽ መሬት) በ25 ኪሎ ብተና፣ ሌላውን በ10 ኪሎ መስመር ዘርቶ ማወዳደር ሁለት ነገር በአንድ ጊዜ መለወጥ ነው። ልዩነት ቢገኝ ከመስመሩ ይምጣ ከዘሩ መቀነስ ማንም ሊለየው አይችልም። የዘር መጠንና የአዘራር ዘዴ ሁለቱም በየራሳቸው መታየት አለባቸው፤ ስለዚህ አራት አማራጭ ያስፈልጋል፦

ሀ — ብተና፣ 10 ኪሎ በሄክታር
ለ — ብተና፣ 25 ኪሎ በሄክታር
ሐ — መስመር፣ 10 ኪሎ በሄክታር
መ — መስመር፣ 25 ኪሎ በሄክታር

የማዳበሪያው አጣጣልም ሦስተኛ አደናጋሪ ሆኖ ሾልኮ ይገባል። በመስመር ሲዘራ ማዳበሪያውን እቦዩ ውስጥ መጨመር፣ በብተና ሲዘራ መበተን የተለመደ ስለሆነ ማንም ልብ አይለውም። ጥያቄው ስለ አዘራሩ ብቻ ከሆነ ማዳበሪያው በአራቱም አማራጮች በአንድ መጠንና በአንድ ዓይነት አጣጣል ይደረግ። የዘሩ ዝርያም አንድ ይሁን፤ ለምሳሌ እ.ኤ.አ. በ2006 ከደብረ ዘይት የግብርና ምርምር ማዕከል የወጣው ቁንጮ።

ዋናው መለኪያም አሁኑኑ ይጻፍ፦ የፍሬ ምርት፣ በኩንታል በሄክታር። የገለባ ክብደት፣ የተክል ቁመት፣ የመጋሸብ መጠን ሁሉ ሊለካ ይችላል። ዋናው የትኛው እንደሆነ ግን ከአጨዳ በኋላ አይመረጥም። አሥር ነገር ለክቶ ከመካከሉ ልዩነት ያሳየውን ብቻ ማውጣት ዕድል የፈጠረውን እንደ ግኝት ማቅረብ ነው።

መሬቱን በብሎክ መክፈል

እያንዳንዱ መደብ 2.8 ሜትር በ4 ሜትር፣ ማለትም 11.2 ካሬ ሜትር ይሁን። በ20 ሴንቲ ሜትር ርቀት ልክ 14 መስመር ይይዛል። በመደቦች መካከል 1 ሜትር፣ በብሎኮች መካከል 1.5 ሜትር መተላለፊያ ይተዋል። አራት መደብ አንድ ብሎክ ነው፤ አራት ብሎክ ሲሆን 16 መደብ ይሆናል። ጠቅላላ ስፋቱ 14.2 ሜትር በ20.5 ሜትር፣ ወደ 291 ካሬ ሜትር ነው።

ጥጉን ለማስተካከል ሲባጎ ላይ 3፣ 4 እና 5 ሜትር ምልክት አድርጎ ሦስት ማዕዘን መሥራት ይበቃል፤ ሦስቱ ጎኖች ሲገጥሙ በ3 እና በ4 መካከል ያለው ጥግ ቀጥ ያለ ነው። ችካሉ እስከ አጨዳ እንዲቆይ ጠለቅ ብሎ ይተከል።

የብሎኩ አቅጣጫ ከሁሉም በላይ ጥንቃቄ ይፈልጋል። ብሎክ ማለት በውስጡ ያለው መሬት በተቻለ መጠን አንድ ዓይነት የሆነ ክፍል ነው። ጥቁር አፈር በሆነ ተዳፋት ላይ ታችኛው ክፍል ውሃ ይቋጥራል፣ ላይኛው ይጠነፍፋል። ስለዚህ እያንዳንዱ ብሎክ ተዳፋቱን አግድሞ ይተኛል፦ ብሎክ 1 ከላይ፣ ብሎክ 4 ከታች። አራቱም አማራጮች በየብሎኩ ስለሚገኙ የላይና የታች ልዩነት ሁሉንም እኩል ይነካል። ብሎኩ ከላይ ወደ ታች ከተዘረጋ ግን አንዱ መደብ ደረቅ ላይ፣ ሌላው ውሃ ላይ ይወድቅና ብሎክ የተባለው ነገር ስሙ ብቻ ይቀራል።

አንድ ትልቅ ማሳ በመስመር፣ አጠገቡ ያለውን በብተና ዘርቶ ከእያንዳንዱ 20 ቦታ ላይ ናሙና ማጨድስ? ይህ 20 ድግግሞሽ (አንዱ ዘዴ ለብቻው የተመደበባቸው መሬቶች ብዛት) አይደለም፤ አንድ ብቻ ነው። ዘዴው የተመደበው ለማሳው እንጂ ለናሙናዎቹ አይደለም። ከአንድ ማሳ የተወሰዱ 20 ናሙናዎች የሚነግሩን ስለዚያ ማሳ አማካይ ነው፤ ሁለቱ ማሳዎች ቀድሞውኑ እኩል ነበሩ ወይ ለሚለው ጥያቄ ምንም መልስ የላቸውም። የድግግሞሽ ቁጥር የሚቆጠረው ዕጣ በወጣለት ነገር ልክ ነው።

ዕጣ ማውጣት

አራት እኩል ወረቀት ላይ ሀ፣ ለ፣ ሐ፣ መ ተጽፎ ተጠቅልሎ ባርኔጣ ውስጥ ይገባል። ለብሎክ 1 ከግራ ወደ ቀኝ አንድ በአንድ ይወጣል፣ ወዲያው ይጻፋል። ከዚያ አራቱም ተመልሰው ገብተው ተደባልቀው ለብሎክ 2 እንደገና ይወጣል። የአንዱን ብሎክ ቅደም ተከተል በሌሎቹ መድገም አይፈቀድም። በአንድ ብሎክ 24 ዓይነት አደላደል ሊወጣ ይችላል፤ በአራቱ ብሎኮች በአንድነት 331,776።

"ይህ መደብ ድንጋይ ስለበዛበት መስመሩን ወደዚያ እናዙረው" የሚል ሐሳብ ዕጣው ከወጣ በኋላ ይመጣል፤ ሁልጊዜ ይመጣል። ሐሳቡ ቅን ቢሆንም ሙከራውን ወደ ምልከታ የሚመልሰው ይኸው ነው፤ አሁን የወሰነው ሰው ሆነ። ድንጋያማውን ቦታ ከዕጣው በፊት ከሙከራው ማውጣት ይቻላል፤ ከዕጣው በኋላ ግን የወጣው ይዘራል። እንደ ዓይን ግምት "በዘፈቀደ" መምረጥም ዕጣ አይደለም፤ ሰው ሳያውቀው ያማረውን መሬት ለሚወደው ዘዴ ይሰጣል።

ድግግሞሽ፣ ዕጣና ብሎክ ተጣምረው የሙከራ እቅድ መሠረት የሆኑት የስታቲስቲክስ ሊቁ ሮናልድ ፊሸር እ.ኤ.አ. ከ1919 ጀምሮ በእንግሊዝ ሮታምስቴድ የእርሻ ምርምር ጣቢያ በሠራው ሥራ ነው። መነሻውም እንዲሁ የእህል መደብ ነበር።

ከመዝራት እስከ ሚዛን

በ11.2 ካሬ ሜትር ላይ በሄክታር 10 ኪሎ ማለት 11.2 ግራም ዘር ነው፤ ለ14 መስመር ሲካፈል ለአንዱ መስመር 0.8 ግራም። 25 ኪሎው 28 ግራም፣ በመስመር 2 ግራም ይሆናል። ይህን የወርቅ ሚዛን በሚመስል ትንሽ ዲጂታል ሚዛን አስቀድሞ መዝኖ በየፖስታው ማሸግ ግድ ነው። አንድ ሺህ የጤፍ ፍሬ ግማሽ ግራም አይሞላም፤ እጅ በግምት አይለካውም። ዘሩን ከደረቅ ደቃቅ አሸዋ ጋር ቀላቅሎ መዝራት ስርጭቱን ያስተካክላል። አሸዋ ከገባ ለብተናውም እኩል ይግባ። ዘሩ ከአፈሩ ወለል ብዙ እንዳይጠልቅ፤ ጠልቆ የተቀበረ ጤፍ መብቀል ይሳነዋል። ያኔ የሚለካው የዘሪው ስህተት እንጂ ዘዴው አይሆንም። ማዳበሪያ በሄክታር 100 ኪሎ ከሆነ ለአንድ መደብ 112 ግራም ነው።

ሥራው በአንድ ቀን ካላለቀ በብሎክ ይቋረጥ፦ ዛሬ ብሎክ 1 እና 2፣ ነገ 3 እና 4። ዛሬ ብተናውን ሁሉ፣ ነገ መስመሩን ሁሉ መዝራት የሌሊቱን ዝናብ ለአንዱ ዘዴ መስጠት ነው። ሁለት ሠራተኞች ካሉም አንዱ ብተናውን ሌላው መስመሩን ሳይሆን፣ እያንዳንዱ ሙሉ ብሎክ ይያዝ። አረሙም እንደዚሁ በብሎክ ይታረም።

ከብት ገብቶ አንድ መደብ ቢበላ "ጠፍቷል" ተብሎ ከምክንያቱ ጋር ይመዘገባል። በግምት አይሞላም፤ ከጎኑ ያለውን መደብም ሁለት ጊዜ መቁጠር አይቻልም። አንድ መደብ ደካማ ስለሆነ ብቻ ግን "ጠፍቷል" አይባልም።

ሲታጨድ ዳር ዳሩ ይቀራል። መተላለፊያው ዳር ያለ ተክል ብርሃንና አፈር ስለሚተርፈው ይፋፋል። ከግራና ከቀኝ ሁለት ሁለት መስመር (40 ሴንቲ ሜትር)፣ ከላይና ከታች ግማሽ ግማሽ ሜትር ተትቶ መካከለኛው 2 ሜትር በ3 ሜትር፣ 6 ካሬ ሜትር ይታጨዳል። በብተናውም ልኬቱ ያው ነው። የእያንዳንዱ መደብ ነዶ ለብቻው ሸራ ላይ ተወቅቶ የመደብ ቁጥር ብቻ በተጻፈበት ከረጢት ይገባል። መዛኙ የትኛው መስመር የትኛው ብተና እንደሆነ ባያውቅ ይመረጣል። እንክርዳድ ሲያበጥሩና የሚዛን ቁጥር ሲያጠጋጉ እጅ ወደሚጠበቀው መልስ ያዘነብላልና።

እርጥበቱ ተለክቶ ሁሉም ወደ አንድ መነሻ፣ ለምሳሌ ወደ 12.5 በመቶ፣ ይመለሳል። ከአንድ መደብ 1,050 ግራም በ15 በመቶ እርጥበት ቢገኝ፦ 1,050 × 85 ÷ 87.5 = 1,020 ግራም። ከ6 ካሬ ሜትር የተገኘውን ግራም ለ0.6 ማካፈል ኪሎ በሄክታር ይሰጣል፤ 1,020 ÷ 0.6 = 1,700 ኪሎ፣ ማለትም 17 ኩንታል።

ስሌቱ

የሚከተሉት ቁጥሮች አሠራሩን ለማሳየት የተቀመጡ ምሳሌዎች ናቸው (ኩንታል በሄክታር)፦

ብሎክ 1፦ ሀ 15፣ ለ 14፣ ሐ 18፣ መ 15
ብሎክ 2፦ ሀ 16፣ ለ 16፣ ሐ 18፣ መ 17
ብሎክ 3፦ ሀ 13፣ ለ 12፣ ሐ 17፣ መ 13
ብሎክ 4፦ ሀ 12፣ ለ 12፣ ሐ 13፣ መ 13

በየብሎኩ የሁለቱ የመስመር አማራጮች (ሐ እና መ) አማካይ ከሁለቱ የብተና አማራጮች (ሀ እና ለ) አማካይ ጋር ይነጻጸራል። በብሎክ 1 መስመር 16.5፣ ብተና 14.5 ስለሆነ ልዩነቱ 2 ነው። የቀሩት 1.5፣ 2.5 እና 1 ይሆናሉ። አማካያቸው 1.75 ነው። የእነዚህ አራት ልዩነቶች ስታንዳርድ ዴቪዬሽን (ከአማካዩ የመበታተናቸው ልክ) 0.645፣ ለ4 ካሬ ዘር (ለ2) ሲካፈል ስታንዳርድ ኢረሩ (አማካዩ ራሱ ሊዋዥቅ የሚችልበት ልክ) 0.323 ይሆናል። አራት ልዩነት ስላለ የነፃነት ዲግሪው (ከልዩነቶቹ ብዛት አንድ ሲቀነስ) 3፣ ከቲ (t) ሠንጠረዥ የሚነበበው ዋጋ 3.182 ነው። ስለዚህ 95 በመቶ የመተማመኛ ክልሉ (እውነተኛው ልዩነት ይገኝበታል ተብሎ የሚታመንበት ክልል) 1.75 ሲደመርና ሲቀነስ 1.03 (0.323 × 3.182)፤ ከ0.72 እስከ 2.78 ኩንታል። ዜሮ ከክልሉ ውጭ ነው፤ ልዩነቱን ዕድል ብቻ ፈጠረው ማለት ያስቸግራል።

አሁን ያንኑ መረጃ ብሎክን ረስቶ፣ 8 የመስመር መደብ ከ8 የብተና መደብ ጋር አድርጎ ማስላት ይሞከር። አማካይ ልዩነቱ ያው 1.75 ነው። ስታንዳርድ ኢረሩ ግን ወደ 1.01 ያድጋል፤ ክልሉም ከዜሮ በታች 0.42 ጀምሮ እስከ 3.92 ይዘረጋል። የላይና የታች መሬት ልዩነት ስሌቱ ውስጥ ገብቶ የዘዴውን ውጤት ሸፈነው። ብሎክ ተደርጎ የተዘራ ሙከራ በብሎክ መሰላት ያለበት ለዚህ ነው።

ወደ ዘር መጠኑ ስንመለስ፣ በ10 ኪሎ መስመር ከብተና የሚበልጠው (ሐ ሲቀነስ ሀ) በአማካይ 2.5 ኩንታል ነው። በ25 ኪሎ (መ ሲቀነስ ለ) 1 ብቻ። የመስመር ጥቅም በዘሩ መጠን ይለዋወጣል ማለት ነው፤ ይህ መስተጋብር ይባላል። በመነሻው ላይ የጠቀስነውን የተሳሳተ ንጽጽር ብንወስድ ኖሮ፣ ሐ ሲቀነስ ለ፣ 3 ኩንታል እናገኝና ሁሉንም ለመስመሩ እንሰጠው ነበር። ከ3ቱ ግማሽ ኩንታሉ ዘሩ በመቀነሱ ብቻ የመጣ ነው፤ ብተናውም ዘሩ ሲቀንስ ያንኑ ያህል ጨምሯል።

አንድ ማሳ፣ አንድ ክረምት ስለዚያ ማሳና ስለዚያ ክረምት ይናገራል። ዕጣ መደልደል ንጽጽሩን ትክክል ያደርገዋል እንጂ ውጤቱ ለወረዳው ሁሉ ይሠራል አያሰኝም። ለዚያ ደግሞ ቀበሌዎችንና ማሳዎችን ራሳቸውን በዕጣ መምረጥ ያስፈልጋል። በዕጣ መምረጥና በዕጣ መደልደል ሁለት የተለያዩ ሥራዎች ናቸው፤ ተማሪዎች በብዛት የሚቀላቅሏቸው እነዚህን ነው።

ሙከራ በማይቻልበት ጊዜ

ሰውን ሲጋራ እንዲያጨስ በዕጣ መመደብ አይቻልም። የብሪታንያ የጤና አጥኚዎቹ ሪቻርድ ዶልና ብራድፎርድ ሂል እ.ኤ.አ. በ1950 ያደረጉት በለንደን ሆስፒታሎች የሳንባ ካንሰር ያለባቸውን ከሌላቸው ጋር አነጻጽሮ ስለ ቀድሞ አጫጫሳቸው መጠየቅ ነበር። ይህ ከውጤት ወደ ኋላ የሚሄድ ጥናት ነው። በ1951 ደግሞ ለብሪታንያ ሐኪሞች ጻፉ፤ ወደ 40 ሺህ የሚሆኑት መለሱላቸው፤ ከዚያም ማን እንደሚታመም ለዓመታት ተከታተሉ። ይህ ከመንስኤ ወደ ፊት ይሄዳል፤ የቱ እንደቀደመ ስለሚታወቅ የበለጠ ያስተማምናል። መንስኤውንም ውጤቱንም በአንድ ቀን የሚጠይቅ የአንድ ጊዜ ቅኝት ከሦስቱ ቀላሉና ደካማው ነው።

ምልከታ ሲያሳስት የሚያደርሰውን ለማየት የሆርሞን ሕክምናን ማስታወስ ይበቃል። ካረጡ በኋላ ሆርሞን የሚወስዱ ሴቶች የልብ ሕመም እንደሚቀንስላቸው በርካታ የምልከታ ጥናቶች ያሳዩ ነበር። በአሜሪካ 16,608 ሴቶች በዕጣ የተደለደሉበት የኤስትሮጅንና ፕሮጄስቲን ሙከራ እ.ኤ.አ. በ2002 ጊዜው ሳይደርስ ተቋረጠ፤ መድኃኒቱ ልብን አልጠበቀም፣ ጉዳቱም ከጥቅሙ በለጠ። ሆርሞን ይወስዱ የነበሩት ቀድሞውኑ በኑሮም በጤናም የተሻሉ ነበሩ፤ በመስመር የሚዘራው ገበሬ ታሪክ በሌላ መልክ ነው።

የጤፉን ጥያቄ በምልከታ ማጥናት የግድ ከሆነ፣ መጠይቁ ከመታተሙ በፊት ከዘዴውም ከምርቱም ጋር ሊያያዝ የሚችለው ነገር በሙሉ ይዘርዘር፦ የአፈሩ ዓይነት፣ ተዳፋቱ፣ የበሬ ብዛት፣ የቤተሰብ ጉልበት፣ የማዳበሪያ መጠን፣ የተዘራበት ቀን፣ ባለፈው ዓመት የተዘራው ሰብል። ያልተጠየቀ ነገር በኋላ በስሌት አይስተካከልም።

ወደ መጀመሪያዎቹ 200 ገበሬዎች እንመለስ። መሬታቸው ለምና ደካማ ተብሎ ቢከፈል፦ ከመስመር ዘሪዎቹ 80ዎቹ ለም መሬት ላይ 18፣ 20ዎቹ ደካማ መሬት ላይ 12 ኩንታል አገኙ። ከብተና ዘሪዎቹ 30ዎቹ ለም ላይ 17፣ 70ዎቹ ደካማ ላይ 11። ጠቅላላ አማካዩ 16.8 እና 12.8 ነው፤ በየመሬቱ ዓይነት ግን ልዩነቱ 1 ኩንታል ብቻ። ከ4ቱ ኩንታል 3ቱ የመሬቱ ነበር። አንድ ዓይነቱን ከአንድ ዓይነቱ ጋር ለያይቶ ማነጻጸር የምልከታ ጥናት ዋና መሣሪያ ነው። የሚከፋፈልበት ነገር ሲበዛ ሬግሬሽን (ብዙ ተለዋዋጮችን በአንድ ላይ የሚያስተካክል ስሌት) ይተካዋል፤ ሐሳቡ ግን አይለወጥም።

ሁሉንም ማስተካከል ደግሞ ስህተት ነው። ከተዘራ በኋላ የሚመጣ፣ ራሱ አዘራሩ የሚያስከትለው ነገር፣ ለምሳሌ የመጋሸብ መጠን፣ ወደ ስሌቱ መግባት የለበትም። መስመር ምርት የሚጨምረው መጋሸብን በመቀነስ ከሆነ፣ እኩል የጋሸቡትን ብቻ ማወዳደር የዘዴውን ጥቅም ቆርጦ መጣል ነው።

ልኬቱ በሁለቱም ወገን አንድ ይሁን። የመስመሩን ማሳ አጭዶ መዝኖ የብተናውን "ስንት ኩንታል አገኙ?" ብሎ መጠየቅ ራሱ ልዩነት ይፈጥራል። ገበሬ ምርቱን በጆንያ፣ መሬቱን በጥማድ ይናገራል። ጆንያውም ጥማዱም ከቦታ ቦታ ስለሚለያይ ማሳው በገመድ ወይም በጂፒኤስ ይለካ።

ስንት ገበሬ ይበቃል? በአንድ ወገን የሚያስፈልገው ቁጥር በግምት 16 ጊዜ የስታንዳርድ ዴቪዬሽን ካሬ፣ ለሚፈለገው ልዩነት ካሬ የተካፈለ ነው። የምርቱ ስታንዳርድ ዴቪዬሽን 4፣ ሊታይ የሚፈለገው ልዩነት 2 ኩንታል ከሆነ፦ 16 × 16 ÷ 4 = 64። ልዩነቱ 1 ኩንታል ከሆነ 256። በየቀበሌው 10 ገበሬ ከተወሰደና የአንድ ቀበሌ ሰዎች ምርት መመሳሰል (ከ0 እስከ 1 በሚለካ) 0.1 ከሆነ ቁጥሩ በ1 + 9 × 0.1 = 1.9 ይባዛል፤ 64ቱ 122 ይሆናል።

ውጤቱ ሲጻፍ ግሱ ከእቅዱ ጋር ይስማማ። በዕጣ ከተደለደለው ሙከራ፦ "በዚህ ማሳ በመስመር መዝራት በሄክታር ምርቱን በ1.75 ኩንታል ጨምሯል (95 በመቶ ክልል ከ0.72 እስከ 2.78)።" ከምልከታው፦ "በተመሳሳይ የመሬት ዓይነት ላይ በመስመር የዘሩ ገበሬዎች በብተና ከዘሩት በአማካይ 1 ኩንታል በልጠው ተገኝተዋል፤ የገበሬው ጉልበትና የተዘራበት ቀን አልተለኩም።"